የባለ ጋሻዋ ሆድ

የነፍሳት ተመራማሪዋ አሸዋማው ሜዳ ላይ በደረቷ ተኝታለች። ከፊቷ ከጉልበት የማያልፍ ቁጥቋጦ አለ፤ ቅጠሉ ላይ ደግሞ ምስር የምታክል፣ ጀርባዋ ጋሻ የመሰለ አንዲት ነፍሳት። ሜዳው ነገ ሊመነጠር ነው። የመንጣሪዎቹ አለቃ፣ "ያቺን ብርቅ የምትያትን ካሳየሽኝ ማሽኑን አዞራለሁ" ብሏታል። አምና ግን "አገኘኋት!" ብላ ጠርታው፣ ያገኘቻት የትም የማትታጣዋ የብርቋ ዘመድ ሆና አረፈች። ዘንድሮ እንደዋዛ አያምናትም።

ሁለቱ፣ ልጆቼ፣ ከላይ ሲያዩአቸው ቁርጥ መንትያ ናቸው። ብርቋ የምትለየው ሆዷ ላይ ባለው ቀይ መስመር ነው። እንግዲህ አንስቶ መገልበጥ ነው ብላ ተመራማሪዋ እጇን ዘረጋች። ባለ ጋሻዋ መች ሸሸች! ጋሻዋን ወደ ተዘረጋው እጅ አዘንብላ ተገተረች። ከሥሯ ለካ እንቁላሎቿ ተደርድረዋል።

"ወይ አንጀቴን!" አለች ተመራማሪዋ እጇን ሰብስባ። "ካነሳኋት ጉንዳን ይጨርሳቸዋል።"

ጃንጥላ ይዛ የቆመችውን ታላቅ እህቷን ቀና ብላ አየቻት። እህት የጥርስ ሐኪም ቤት ነርስ ናት።

"እትዬ፣ ያቺ አፍ ማያ መስታወትሽ ቦርሳሽ ውስጥ አለች?"

"ጥርስ ልታዪላት ነው?"

"ጥርስ እንኳ የላትም። አፏ መርፌ ነው፤ የዚህን ቁጥቋጦ ፍሬ በሱ ትመጥጣለች። ሌላ አትቀምስም።"

"ጥርስ ከሌላትማ የኔ ደንበኛ አይደለችም" አለች እህት፣ መስታወቷን እያቀበለች።

መስታወቷ በቀስታ፣ ባለ ጋሻዋ ስታዘነብል ከፍ ባለው ጎኗ በኩል ተጠጋች። ቀይ መስመር! ተመራማሪዋ ፈጥና ቀና አለች። ሜዳው ዳር የቆመውን አለቃ በእጇ ጠራችው።

"እንደ አምናው እንዳይሆን ብቻ፣ ልጄ" አለ ሲደርስ።

"ጋሼ፣ ይንበርከኩና ይዩ።"

ጉልበቱን እየደገፈ ተንበረከከ። መስታወቱ ውስጥ ቀዩን መስመር አየ። ከዚያ ጣቱን በቀኝ ቢያስጠጋ፣ ባለ ጋሻዋ ወደ ቀኝ አዘነበለች። በግራ ቢመጣ ወደ ግራ ዞረችበት።

"እኔን? ይቺን አክላ እኔን ትገፋለች?" ሳቁን አፈነ። ባርኔጣውን አወለቀ። "እንዲህ ያለች እናት ደጅ ማሽን አልነዳም። ይህ ቁጥቋጦ እስከበቀለበት ድረስ ዙሪያውን ገመድ ይወጠርበት።"

ተመራማሪዋ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሰውየው ግን ወደ እህቷ ዞሮ በሹክሹክታ፣

"እትዬ፣ ጃንጥላውን ወዲያ ያድርጉት እባክዎ" አላት። "ጥላው አስጨነቃት።"