ሽማግሌዎቹ ዊንቸስተር፣ እኛ ካታሊና

ኤልሳዕ አሁንም ስልኩን ሲያወጣ ብስክሌቴን አቆምኩ።

የሌበር ደይ በዓል ረጅም ዊክኤንድ ነበር። ቅዳሜ ከቬጋስ ነድተን ኒውፖርት ቢች ገባን፤ ባሕሩን ይዘን በብስክሌት ሄድን፣ በትንሿ ፌሪ ባልቦአ ደሴት ተሻገርን። እዚያ እኔ ሽሪምፕ ስበላ እሱ ፊቱን አዞረ። እሑድ በትልቁ ጀልባ ካታሊና ደሴት ደረስንና ብስክሌት ተከራይተን ከአቫሎን ከተማ በላይ ያለውን ዳገት ጀመርን። ኤልሳዕ ቬጋስ ስትሪፕ ላይ የሆቴል እንግዶችን መኪና የሚያቆም ቫሌት ነው። በበዓል ቲፑ ጥሩ ስለሆነ ሺፍቱን ለሰው ሰጥቶ አያውቅም፤ ዘንድሮ ሰጠ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

«ማን እንዲደውልልህ ነው የምትጠብቀው?»

«ማንም። እዚህ ሲግናል የለም እንዴ?» ስልኩን ወደ ሰማይ አነሳው። «አባትሽ ከቤተ ክርስቲያን ስንት ሰዓት ነው የሚመለሱት?»

«ከአባቴ ጋር ምን አለህ?»

ሄልሜቱን አወለቀ። «ሰርፕራይዝ ነበር» አለ።

ሽማግሌ ልኳል። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ቬጋስ ዊንቸስተር ሰፈር ወዳለው አፓርታማችን። አባቴ እሺ ሲል ይደወልለታል፣ እሱ ደግሞ እዚህ ዳገት ላይ ባሕሩን ከጀርባ አድርጎ ቀለበት ያወጣል። የሐበሻውንም የአሜሪካውንም ባንድ ላይ መጨረሱ ነው።

«እኔን መቼ ልትጠይቀኝ ነበር?»

«ከዚያ በኋላ ነዋ። እምቢ ልትይኝ ነው እንዴ፣ አርያም?»

አላውቅም ነበር። ገና አልወሰንኩም። አባቴ አንዴ እሺ ካለ ግን የሚወሰን ነገር አይኖርም፤ እስከ ማታ የሚያውቀን ሐበሻ ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ይለኛል። ያን ጊዜ እምቢ ብል የማዋርደው አባቴን ነው።

«እነማንን ላክህ?»

«ጋሽ ወልደሥላሴን። ሌላ ሰው ይዘው ይሄዳሉ።»

በወጉ ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን መልስ አያገኝም። ከልጅቷ ጋር እንመካከር ተብሎ ይመለሳል። ጋሽ ወልደሥላሴ ግን ከሱዳን የስደተኞች ካምፕ ጀምሮ ከአባቴ ያልተለዩ ሰው ናቸው። አባቴ እሳቸውን ባዶ እጃቸውን ሲመልስ አላየሁም። ኤልሳዕም ይህን ያውቃል፤ የመረጣቸው ለዚህ ነው።

ሰዓቱን አየና «አሁን ገብተዋል» አለ።

ብስክሌቱን አዙሬ ቁልቁል ለቀቅኩት። ከኋላዬ ፍሬን ያዢ እያለ ይጮኻል። መታጠፊያው ላይ ጠጠር አንሸራተተኝ፤ ቱሪስት የጫነ የጎልፍ መኪና ለትንሽ ሳተኝ። የከተማው የመጀመሪያ ቤቶች ጋ ሲግናል መጣ።

የአባቴ ስልክ ዝግ ነው። እንግዳ ሲገባ ያጠፋዋል። እናቴ ኦቨርታይም ገብታለች፤ የሆቴል ክፍል ስታጸዳ ስልክ አትይዝም። የቀረኝ የሽማግሌው የራሳቸው ቁጥር ነው።

«ሀሎ» አሉ። ጆሯቸው ስለሚከብድ ሁልጊዜ በስፒከር ነው የሚያወሩት።

«ጋሽ ወልደሥላሴ፣ አርያም ነኝ።»

«ልጄ፣ ደህና ነሽ? አሁን አንድ ጉዳይ ላይ ነን።»

«ጉዳዩ እኔ ነኝ። አባዬ መልስ ሰጥቷችኋል?»

«ሽማግሌ ላይ ስልክ ይደወላል እንዴ?» አለ የማላውቀው ድምፅ።

«እሷ ትደውላለች» አለ አባቴ። «እየሰማሁሽ ነው።»

«ምን አልካቸው?»

«ልናገር አፌን ስከፍት ነው የደወልሽው።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጁ አልጠየቀሽም?»

«አልጠየቀኝም።»

«ተነጋግረን ጨርሰናል ነው ያለን እኮ» አሉ ጋሽ ወልደሥላሴ፤ ድምፃቸው ወረደ።

ኤልሳዕ እያለከለከ ደርሶ አጠገቤ ቆሟል። ሰምቷል። ዓይኑን ወደ ጀልባዎቹ መለሰ።

«አባዬ፣ ምንም አልተነጋገርንም» አልኩ።

አባቴ ቀጥሎ የተናገረው ለእኔ አልነበረም። «እንግዲህ ወልዴ፣ ሰምተሃል። ዛሬ እንዲሁ ትመለሳለህ።»

ወንበር ሲገፋ ተሰማኝ፣ ስልኩም ተዘጋ።

«አዋረድሽኝ» አለ ኤልሳዕ።

«ዋሸሃቸው?»

«ትስማማለች ብዬ ነዋ። ለጥቂት ሰዓት መቅደም ውሸት ነው?»

ብስክሌቱን ለአከራዩ አስረክቤ ወደ ትኬት መሸጫው ሄድኩ፤ ሁለታችን ትኬት ከያዝንበት ቀድሞ በሚነሳው ጀልባ ላይ ለእኔ ብቻ አንድ ቦታ እንዳለ ጠየቅኩ።