በዘነቡ ስም

ዘነቡ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ባለች ጠባብ ሱቅ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ሐምሌ መጨረሻ፣ ሁለት ትምህርት ቤቶች ባዘዟት ሳምንት፣ ንግድ ፈቃዷን ልታሳድስ ብትሄድ የግብር ክሊራንስ ከለከሏት።

"ዕዳ አለብዎት" አለቻት ሄርሜላ የምትባለው የግብር ሠራተኛ፣ ኮምፒውተሯን እያየች። "ከነቅጣቱና ከነወለዱ ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት ሺህ ብር።"

"ተሳስተሻል እህቴ። እኔ በየዓመቱ እከፍላለሁ።"

"የልብስ ስፌቱን ከፍለዋል። ይኼ የመካኒሳው ነው። የሴራሚክና የቧንቧ ዕቃ መሸጫ።"

ዘነቡ የቧንቧ ዕቃ ሸጣ አታውቅም። የማን እንደሆነ ግን ወዲያው ገባት። ከሰባት ዓመት በፊት ታላቅ ወንድሟ ኑሪ "ሌላ ሱቅ ልከፍት ነው፣ በኔ ስም ከሆነ ግብሩ ይከብደኛል፣ በስምሽ አውጪልኝ" ብሏት ነበር። አባታቸው ከሞተ ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው። ጋሼ ነው የምትለው። ጋሼ ፈርሚ ሲላት ፈረመች። ሱቁ ሦስት ዓመት ሠርቶ ተዘጋ። ግብሩን የከፈለ፣ ፈቃዱንም የመለሰ አልነበረም።

"በአንድ ጊዜ ካልቻሉ የክፍያ ስምምነት ይግቡ" አለች ሄርሜላ። "ሩቡን አሁን ይከፍላሉ፣ የቀረው ለአሥራ ሁለት ወር ይከፋፈላል። ያኔ ክሊራንሱን እንሰጥዎታለን። ካቋረጡ ግን የባንክ ሒሳብዎ ይታገዳል።"

ዘነቡ እጇ ላይ የነበረው የጨርቅ መግዣ ብቻ ነው። ከቢሮው ወጥታ በቀጥታ መካኒሳ ሄደች። ኑሪ አሁን እዚያ ከበፊቱ የሚሰፋ ሱቅ አለው። የሆነውን ስትነግረው እስከ መጨረሻው አዳመጣት። አልደነገጠም። ያበገናት ይኼ ነው።

"ደብዳቤ መጥቶ ነበር" አላት። "እንዳትጨነቂ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።"

"መቼ ነው የመጣው?"

"አምና። ዘንድሮም አንድ መጥቷል። አሁን ዕቃ አስገብቼ እጄ ላይ የለኝም። ወረቀቱም በስምሽ ስለሆነ አንቺው ብትጨርሺው ይሻላል።" ከመሳቢያው ጥቂት ብር አወጣና ዘረጋላት። "ለልጆቹ ልብስ ግዢበት።"

ዘነቡ ብሩን አልተቀበለችውም።

"ኑሪ" አለችው። በስሙ ስትጠራው፣ አንተም ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር። "የልጆቼን ልብስ እኔው እሰፋለሁ። አንተ ግብርህን ክፈል።"

"ማንን ነው ኑሪ የምትዪው?"

"አንተን።"

ከሱቁ አንዲት የፕላስቲክ ወንበር አንስታ በሩ ላይ ተቀመጠች። ላቫንዲኖ የገዛ ሰውዬ ሲወጣ "ደረሰኝ ተቀብለዋል?" አለችው። አልተቀበለም። "ይጠይቁ፣ መብትዎ ነው።" ሰውዬው ተመለሰ። ከእሱ በኋላም ሦስት ሰዎች ተመለሱ። በማግስቱ ኑሪ ሱቁን ሲከፍት ቀድማው ደርሳ ነበር።

"ሰው እየሰማ ነው" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እኔ አይደለሁም ያሳደግኩሽ?"

"አሳድገኸኛል። ስለዚህ ያንተን ዕዳ ልክፈል?"

እኩለ ቀን ላይ ሱቁን ዘግቶ መኪናውን አስነሳ። ከኋላ ገብታ ተቀመጠች።

ቢሮ ሲደርሱ ዘነቡ ዕዳው ወደ ኑሪ ስም እንዲዞር ጠየቀች። ሄርሜላ እንደማይቻል ነገረቻት።

"እሱ እዚህ ቆሞ የኔ ነው እያለ?"

"ፈቃዱ የወጣው በእርስዎ ስም ነው።"

ዘነቡ ጠረጴዛውን በእጇ መታችው። ወረፋ የያዙት ሰዎች ዞረው አዩዋት። ሄርሜላ አልተቆጣችም። "ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ እርስ በርስ ተዋዋሉ" አለቻት። "ካልከፈለ እሱን ይከሱታል።"

"እህትና ወንድም ውል ይዋዋላል?" አለ ኑሪ።

"ደብዳቤውን ስትደብቀኝስ እህትህ አልነበርኩም?"

ኑሪ ሩቡን ከፈለ። የቀረውን በየወሩ ሊሰጣት ውሉ ላይ ፈረመ። ከግብር ቢሮው ጋር ያለውን ስምምነት ግን የፈረመችው ዘነቡ ናት፤ ስትፈርም እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀደደው።

የልብስ ስፌት ፈቃዷ የታደሰው ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነው። እስከዚያ አንደኛው ትምህርት ቤት ሥራውን ለሌላ ሰፊ ሰጥቶት ነበር። ይኼን ኪሳራ የሚተካላት ውል የለም። ኑሪ ሁለት ጊዜ አዘግይቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ ከራሷ ከፍላ፣ ሱቁ በር ላይ ቆማ ተቀብላዋለች።

ለኢድ እናታቸው ጋ አልሄደችም። እናቷ ደወሉላት።

"ወንድምሽን በሰው ፊት አዋረድሽው። መቼ ነው ይቅር የምትዪው?"

"መቼ እንደሆነ አላውቅም እማ። መጀመሪያ ከፍሎ ይጨርስ።"

አምስት ወር ይቀራል።