ሰማያዊው ሸራ

ሰፈርተኛው «እትዬ ሜትር» የሚላት ሜትር የማትይዝ ልብስ ሰፊ ስለሆነች ነው። ደንበኛው በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆምላታል፣ እሷ ከላይ እስከ ታች አንዴ ታየዋለች፣ በቃ፤ ልብሱ ልክክ ይላል። ሙያውን ያስተማራት አባቷ ነው፤ ራሱ ከሱቁ በር በላይ በዘረጋው ሰማያዊ ሸራ ሥር አስቀምጦ። አባቷ ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ሸራውን ጠዋት ጠዋት የምታራግፈው እሷ ናት፣ ሌላ ሰው እንዲነካው አትፈቅድም።

ከዚያ ነዳጅ ተገኘ። ውሻ መሀል መንገድ ተኝቶ ይውልባት የነበረችው ከተማ በስምንት ወር ውስጥ መተላለፊያ ጠፋባት። አንድ ወንበር የነበረው ፀጉር አስተካካይ አምስት አደረገ፣ ቤት ያለው ሁሉ ሳሎኑን አከራይቶ ጓዳ ገባ። ሰዉ «ኧረ ይሄ ግርግር!» እያለ ያማርራል፤ እያማረረ ፎቅ ይጀምራል።

እትዬ ሜትር ማማረሩን ለሌሎች ትታ ቁፋሮው ጣቢያ ድረስ በእግሯ ሄደችና የንብረት ክፍሉን ኃላፊ አገኘችው።

«የሠራተኞቻችሁን ቱታ ከሩቅ ፋብሪካ የምታስመጡት እኔ ሞቻለሁ?»

«ሁለት መቶ ሰው ነው እኮ እናቴ። ይችሉታል?»

«ስንት ሙሽራ ያለበስኩ ሰው ነኝ! አንተ ጨርቁን ብቻ አምጣ።»

የመጀመሪያው አርባ ከተሳካ ቀሪውም የእሷ ሊሆን፣ ካልተሳካ ፋብሪካው ሊሠራው ተስማሙ። እሷም እህቷን ጨምሮ ስድስት ሴቶች ቀጠረች። አርባው ሠራተኛ ፊቷ ቀጥ ብሎ ቆመላት፣ በዓይኗ ለካች፣ ቆረጠች። ጨርቅ ማባከን የአባቷ ልጅ አታውቅም፤ ከዚያ ሁሉ ብርቱካናማ ጨርቅ ለኪስ የሚበቃ እንኳን አልተረፈም።

ሐሙስ ዕለት ሠራተኞቹ ለብሰው ሲሰለፉ አርባ ሙሽራ መሰሉ። እሷም ደረቷን ነፋች። ይሄኔ ጓደኞቹ «በርሜል» የሚሉት ግዙፉ ቆፋሪ መፍቻ ሊያነሳ ቁጢጥ አለ። ትርርር! በሳቅ ፍርስ ብለው ጎንበስ ያሉት ደግሞ የራሳቸውን ተረተሩ። ሰባት ጎልማሳ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቀረ።

በዚያች ከተማ ልብስ የሚሰፋው ቆሞ ለመታየት ነበር፤ ለሠርግ፣ ለፎቶ። በእሷ ልብስ ቁጢጥ ያለ ሰው አይታ አታውቅም።

ኃላፊው አልሳቀም። «አዝናለሁ እናቴ። ሰኞ ለፋብሪካው እደውላለሁ።»

ፊቷ በርበሬ መሰለ። ስድስቱን ሴቶች ምን ብላ ታሰናብታቸው? «እንግዲያው እስከ ሰኞ ያለው ቀን የእኔ ነው» አለችው።

ቤቷ አልገባችም። ሲቀመጡ፣ ሲነሱ፣ መሰላል ሲወጡ ስታያቸው ዋለች። በመጨረሻ ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ከአናጢው ሜትር ተዋሰችና በርሜልን ቁጢጥ አስብላ ለካችው። ቆሞ ሲለካና ቁጢጥ ብሎ ሲለካ የአንድ ስንዝር ልዩነት አለው።

«ለእያንዳንዱ መቀመጫው ላይ ስንዝር ቁራጭ እንጨምራለን» አለች ሱቅ ስትገባ።

«ከየት አምጥተን?» አለች እህቷ። «ጨርቁ እንደሆነ አልቋል። እዚህ ገበያ ያለው ስስ ስስ ነው፣ አንድ ቀን አይቆይም።»

እትዬ ሜትር ቀና ብላ በሩን አየች።

«እንዴ! የአባባን?»

«መቀሱን አቀብዪኝ።»

ወንበር ላይ ወጥታ ሸራውን ራሷ አወረደችው። መቀሱን አስጠጋችና መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ሆድ ባሳት፤ እህቷ ፊት፣ ሴቶቹ ፊት፣ እንደ ልጅ አለቀሰች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠረገችና ቆረጠችው።

ሰኞ ጠዋት አርባ ብርቱካናማ ቱታ፣ መቀመጫው ላይ ሰማያዊ ቁራጭ ያለበት፣ ጣቢያው ግቢ ተሰለፈ።

«ሁላችሁም ቁጢጥ!» አለች እንደ ሻምበል።

አርባው ባንዴ ዝቅ አለ። ሁሉም ጆሮውን ጣለ። ምንም የለም። በርሜል እንደገና ተነስቶ ተቀመጠ፣ ደገመ፣ ሠለሰ። ምንም!

«ቀሪው መቶ ስድሳም የእርስዎ ነው» አለ ኃላፊው፤ አሁን እሱም ይስቃል። «ሰማያዊዋን ግን እንዳያስቀሯት፣ ልጆቹ ወደዋታል።»

ዓመት ሞላ። ሱቁ አሥራ ሁለት የስፌት መኪና ይዟል፤ በሩ ላይ ግን ጥላ የለም፣ እትዬ ሜትር ሌላ ሸራ አልሰቀለችም። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ የአባቷ የጥንት ደንበኛ የነበሩ ሽማግሌ ከስንት ዘመን በኋላ መጥተው በአዲሶቹ ፎቆች መሀል ሲዋልሉ አገኘቻቸው።

«ልጄ፣ ሰማያዊ ሸራ ያለበት የልብስ ሰፊው ሱቅ ወዴት ነበር? ከተማው ሁሉ ተቀያየረብኝ።»

በዚያው ቅጽበት የቁፋሮውን ሠራተኞች የሚያመላልሰው መኪና ቆመ። የመጀመሪያዎቹ አርባ ሠራተኞች፣ በርሜል ከፊት፣ ዘለው ወረዱና ጀርባቸውን ሰጥተው እየተሳሳቁ ሽቅብ ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመሩ።

«ሸራው ያውልዎ አባባ» አለቻቸው በጣቷ እያሳየች፤ «ሥራ ውሎ እየገባ ነው።»