ያልተመረቀችው ጀልባ

ክልል ከሆንን ወዲህ ከተማችን ውስጥ ሳይመረቅ የሚሠራ ነገር የለም። እውነቴን ነው። ገበያው ጥግ የተሠራው ሽንት ቤት ሁለት ወር ሙሉ በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሎበት ከረመ። ለምን? አልተመረቀማ! ሰዉ ዞሮ ከኋላው ግድግዳው ላይ ይሸናል፤ ከንቲባው ሪባን የሚቆርጥ እንግዳ ይጠብቃል። በመጨረሻ ሲመረቅ ግድግዳው ከሥሩ ተበልቶ በአንድ በኩል አዘንብሎ ነበር። እንዲያም ሆኖ ተጨበጨበለት።

የሺአረግ እባላለሁ። የጎሬ ልጅ ነኝ፤ ጋምቤላ የመጣሁት ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ በታይፒስትነት ተቀጥሬ ነው። ድምፅሽ ያምራል ተባልኩና ዓርብ ዓርብ በላንድክሩዘር ጣሪያ ላይ በታሰረ ድምፅ ማጉያ «የከንቲባው ዜና ለነዋሪዎች» የሚባለውን ጉድ የማነበው እኔ ሆኜ ቀረሁ። ከጎኔ አኳይ ይቀመጣል። አኳይ አኝዋክኛም ኑዌርኛም እንደ ውሃ የሚጠጣ ተርጓሚ ነው። እኔ በአማርኛ አነባለሁ፣ እሱ በሁለቱም ያስከትላል፣ ገበያውንና ወንዝ ዳሩን እንዞራለን።

ዜና አልኩት እንጂ ምኑ ዜና ነው! «ክቡር ከንቲባችን አቶ አብኔር በየቀበሌው ተዘዋውረው ችግኞችን ጎበኙ።» ችግኞቹን ፍየል ከጨረሳቸው ሰንብቷል። «ክቡር ከንቲባችን ከወጣቶች ጋር እግር ኳስ ተጫወቱ።» ኳሷን አንዴ ረገጠ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ወንበር አምጡልኝ ብሎ ተቀመጠ። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፣ እንጀራዬ ነው። እዚህ ግን አልለውም። ደግሞ የእናቱን ቋንቋ፣ አኝዋክኛን፣ አሳምሮ እያወቀ ሕዝብ ፊት በአማርኛ ካልሆነ አይናገርም፤ ተርጓሚ ከጎኑ ሲቆም ትልቅ ሰው የሆነ ይመስለዋል።

ሐምሌ ላይ ጀልባዋ መጣች። ነጭ ናት፣ ሞተሯ አዲስ፣ ጎኗ ላይ በቀይ ቀለም «አምቡላንስ» ተብሎ ተጽፎባታል። የት አገር ያሉ ደግ ሰዎች እንደሰጡን እንጃ፣ እግዜር ይስጣቸው። እዚህ ክረምት ሲገባ መንገዱ ሁሉ ውሃ ነው፤ ከባሮ ወንዝ ቁልቁል ያሉት መንደሮች በሽተኛ የሚያመጡት በታንኳ ነው፣ ያውም ከደረሰ። ያንን ዓርብ ወረቀቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ብሎኝ አነበብኩት። ገበያው ውስጥ ያሉ ሴቶች እልል ሲሉ እኔም ማይኩን ይዤ እልል አልኩ።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ጀልባዋ ወንዝ ዳር፣ አሮጌው ወደብ ጋ ታሰረች፤ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ሪባን ተወጠረባት፤ ሁለት ፖሊስ ቆመባት። የሚመርቃት እንግዳ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ነው የሚመጣው። ማረፊያው ጭቃ ሲሆን አውሮፕላኑ አያርፍም፤ በክረምት ደግሞ ማረፊያው ጭቃ ያልሆነበት ቀን የለም። ይህንን የጋምቤላ ዶሮ እንኳ ያውቃል። ከንቲባችን ግን «በመጪው ቅዳሜ ትመረቃለች» እያለ በየሳምንቱ ያስነብበኛል፤ ቅዳሜ ይመጣል፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ እንግዳው ይቀራል።

የጀልባዋ ነጂ ቦል ነው። በፊት ወንዙን ወርዶ ማታር ከተማ ላይ የነጋዴ ሞተር ጀልባ ይነዳ ነበር። ረጋ ያለ፣ ጨዋ ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት ጀልባዋን ይወለውላል፤ ዝናብ ያበሰበሰውን ሪባን ይጨምቅና መልሶ ይወጥራል። ሚስቱ ኛሬአት ነፍሰ ጡር ነበረች። በእነሱ በኑዌሮች ወግ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው የሴቷ እናት ቤት ነውና ወንዙን ወርዳ እናቷ መንደር ገብታለች። ቦል ስለሚወለደው ልጅ ሲያወራ ጥርሱ አይከደንም ነበር።

ነሐሴ ውስጥ፣ አንድ ዓርብ ጠዋት፣ ቢሮዬ መጣ። ጥርሱ አይታይም። የሚስቱ ወንድም እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ እየሄደ መልእክት አምጥቷል፤ ኛሬአት ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው፣ ልጁ አልወጣ ብሏል።

«እህቴ የሺ፣ አንቺ ንገሪው» አለኝ። «እኔ ስናገር አይሰማም።»

ተያይዘን ገባን። ከንቲባው ከአዲሱ ባንዲራ ሥር ቆሞ የቅዳሜውን ንግግር ለራሱ ያነበንባል።

«ክቡር ከንቲባ፣ የቦል ባለቤት ምጥ ጠንቶባታል። ጀልባዋ አሁኑኑ ሄዳ ታምጣት» አልኩት።

«የትኛዋ ጀልባ?»

«ስንት ጀልባ አለን?»

ፊቱን ቋጠረ። «የሺአረግ፣ ጀልባዋ እኮ ገና አልተመረቀችም።»

«ሴትዮዋ ልትሞት ነው እኮ!»

«እግዚአብሔር አያድርገው። ግን አስቢው እስቲ። እንግዳው ነገ ይመጣል። ጀልባዋ ጭቃና ደም ነክቷት ሲያያት ምን ይላል? ክልል ሆነናል! ሥርዓት አለ!»

«እኔ አጥባለሁ» አለ ቦል። «ሪባኑን በደንብ እፈታለሁ፣ ስመለስ አስራለሁ።»

«ሪባን አይፈታም፤ ይቆረጣል» አለው ከንቲባው፣ ትልቅ ነገር እንዳስተማረ ሁሉ። «በታንኳ ይዘዋት ይምጡ። ድሮስ በምን ነበር የሚመጡት?»

ቦል ወንዙ ሞልቷል፣ ሽቅብ በታንኳ እየቀዘፉ ነገም አይደርሱም ብሎ ሊያስረዳው ሞከረ። ከንቲባው ወደ ንግግሩ ተመለሰ። አፌ ላይ የመጣውን ብናገር ኖሮ ዛሬ ይህን የማወራላችሁ ከእስር ቤት ነበር።

ደጅ ወጥተን ቦል ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። «እወስዳታለሁ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ፖሊሶቹ ይተኩሱ።» እኔ ደግሞ ዓይኔ አኳይ ተደግፎት የቆመው ላንድክሩዘር ላይ አረፈ። ይህ ሰውዬ የሚወደው አንድ ነገር ነው፦ ጭብጨባ።

«ቦል፣ ሂድና ጀልባዋ ጋ ጠብቀኝ። አኳይ፣ ና ግባ!»

ገበያው መሀል ስንደርስ ማይኩን ያዝኩ። «የተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች! ክቡር ከንቲባችን አቶ አብኔር አምቡላንስ ጀልባዋን አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ ከእናንተ ከሕዝባቸው ጋር ይመርቃሉ! ሁላችሁም ወደ ወንዙ!»

አኳይ ዓይኑ ፈጠጠ። «አብደሻል?»

«አዎ። ተርጉም!»

ተረጎመ፤ እግዜር ይስጠው፣ ከእኔም አብልጦ ጮኸው። ሴቶቹ ቅርጫታቸውን እየተዉ፣ የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ከበሯቸውን ይዘው፣ ዓሣ አጥማጁ ሁሉ ተግተልትሎ ወንዝ ዳሩ ሞላ። ከልብስ ሰፊ ተራ መቀስ ተዋስኩ። ጥቂት ቆይቶ ከንቲባው ክራቫቱ ተጣሞ እያለከለከ ደረሰ። መጀመሪያ እኔን አየኝ፣ ሊውጠኝ ነበር። ቀጥሎ ሕዝቡን አየ። ከበሮው ሲመታ፣ እልልታው ሲቀልጥ ፊቱ እንዴት እንደፈካ ብታዩት ታዝኑለት ነበር።

«እንግዳውስ?» አለኝ በጆሮዬ።

«ዋናውን ከእንግዳው ጋር ያደርጉታል። ይኼ የሕዝቡ ነው።» መቀሱን ሰጠሁት።

ሪባኑን ቆረጠ! እሰይ አልኩ በልቤ፣ ተሳካ። ቦል ሞተሩ ጋ ተቀምጦ የማስነሻውን ገመድ ጨብጧል። በዚህ ጊዜ ሰውዬው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ዘሎ ጀልባዋ ላይ ወጣ፤ አፍንጫዋ ላይ ተደላድሎ ቆመና ማይኩን ከእጄ ነጠቀኝ። «የተከበራችሁ…»

ወይ አበሳ! ከባሮ ጀመረ። ባሮ ድሮ መርከብ ይመላለስበት እንደነበር ነገረን፤ መርከቦቹን ያራገፉት ሰዎች ልጆች እዚያው ቆመው። ክልል መሆናችንን ነገረን። ሽንት ቤቱን ነገረን። አኳይ ያን ሁሉ በሁለት ቃል ሲጨርሰው ከንቲባው ቆጣ አለ። «አሳጠርከው! እኔ ይህን ያህል ተናግሬ አንተ እንዴት በዚህ ታልፋለህ? ድገመው!» አኳይ ደገመው። በኑዌርኛ ደገመው፣ በአኝዋክኛ ደገመው፤ የሌለ ነገር እየጨመረ አስረዘመው። ምን ያድርግ?

«ጌታዬ፣ ውረድ። ሚስቴ…» አለ ቦል።

«ቆይ አንተ ደግሞ! የአንተ ሚስት ብቻ አይደለችም፣ ስለ እናቶች ሁሉ ነው የምናገረው!» ይህን በማይኩ ነው ያለው። ተጨበጨበለት።

ሄጄ ድምፅ ማጉያውን አጠፋሁት። ብሶበት እየጮኸ ቀጠለ። ፖሊሶቹን ለመንኳቸው፣ አንዱ መሬት መሬት ያያል፣ ሌላው ያልሰማ ይመስላል። የመዘምራኑን ሴቶች «ዘምሩ፣ አስቁሙት» አልኳቸው፤ ዘመሩ፤ እሱም መዝሙሩ እስኪያልቅ በፈገግታ ጠብቆ ካቆመበት ቀጠለ። ቦል ገመዱን አልለቀቀም፤ ሰውዬው አፍንጫዋ ላይ እንደቆመ ሞተሩን ቢያስነሣ የሞላው ወንዝ ውስጥ ሊጥለው ነው። ፀሐይዋ ዞራ ከጀርባችን ሆነች። በሕይወቴ ሰው እንዲህ አስጠልቶኝ አያውቅም።

ያወረደው ሰው አይደለም፤ ዝናብ ነው። ድንገት ወረደና ሕዝቡ ሲበተን፣ ከንቲባው ሱሪው እንዳይበሰብስበት ዘሎ ወርዶ ወደ መኪናው ሮጠ። እግሩ መሬት ሳይነካ ሞተሩ ተነሣ።

ሊመሽ ሲል ተመለሱ። ኛሬአትን ሆስፒታል አስገባናት። አዋላጇ ሲስተር፣ እንደኔው የደጋ ልጅ፣ ብዙ ቆይታ ወጣች። «እናቲቱ ትተርፋለች» አለች። «ልጁ ሞቶ ነው የወጣው። ሰውነቱ ገና ለስላሳ ነው፣ ከሞተ ብዙም አልቆየም። ምነው ትንሽ ቀደም ብላችሁ ባመጣችኋት!»

ቦል ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። «ወንድ ልጅ ነው፣ የሺ» አለኝ። ያን ቀን ያለቀስኩትን አባቴ ሲሞት አላለቀስኩም። ያለቀስኩትም በሐዘን ብቻ አልነበረም፤ በንዴት ነው። ለአንድ ሰው አፍ ሲባል!

ቅዳሜ እንግዳው አልመጣም። እሑድ ከሰዓት ከኛሬአት አልጋ አጠገብ ተቀምጬ አጥሚት ሳጠጣት ከንቲባው ፎቶ አንሺና ሹፌሩን አስከትሎ ገባ። ሹፌሩ የሕፃን ብርድ ልብስ ታቅፏል፣ ሰማያዊ፣ አዲስ።

«እንኳን ጌታ ረዳሽ!» አለ ከበሩ ጀምሮ። «የጀልባችን የመጀመሪያ እናት! ልጁስ የታለ? አምጡት እንጂ፣ ፎቶ እንነሣ!»

እኔ ነኝ የነገርኩት። «ሞቷል። ቀበርነው።»

አዘነ እንዳልል፣ ፊቱ ላይ ያየሁት ዕቅዱ የተበላሸበት ሰው ድንጋጤ ነው። «አይ… እንግዲህ የጌታ ፈቃድ ነው። ልጅ ናት፣ ትወልዳለች» አለና ወደ ፎቶ አንሺው ዞረ። «በቃ እናቲቱን ብቻ አንሣት።» ለሹፌሩም ቀስ ብሎ «ብርድ ልብሱን መኪናው ውስጥ መልሰው» አለው። ሰማሁት። ሁላችንም ሰማነው።

ፎቶው ሲነሣ ኛሬአት ዓይኗን ከሰውዬው ላይ አልነቀለችም። ቦል ያን ቀን ለምን እንደዘገየ ነግሯታል። በቋንቋዋ አጠር አድርጋ አንድ ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?» አለ ከንቲባው። «አመሰገነች?»

ቦል፣ «ንግግርህ አለቀ ወይ? ትላለች» አለው።

እኔ አንገቴን ደፋሁ። አሁን እንኳ ይገባዋል፣ አሁን እንኳ ያፍራል ብዬ ጠበቅሁ። ከንቲባው ፈገግ አለ።

«አላለቀም በላት። ዋናው ቅዳሜ ነው፣ እንግዳው ሲመጣ። እሷንም እንጋብዛታለን።»

ኛሬአት መልሱን ለመስማት ወደ ባሏ ዞረች። ቦል ሳይተረጉምላት አጥሚቱን ከእጄ ተቀብሎ ያጠጣት ጀመር።