እስቲ አንዴ ይያዙልኝ

ጸጉር ሠሪዋን ሰፈሩ ሁሉ መቀስ ይላታል። ሥራዋ ስለሆነ ብቻ አይምሰላችሁ፤ ምላሷም ያው ነው። ቂም ከያዘች ደግሞ ፈጣሪ ይርዳችሁ። የታጠበ ልብሷ ላይ እጣቢ የደፋችባት ጎረቤቷ ዛሬም ድረስ መንገድ ቀይራ ነው የምትሄደው።

ለዚህች ሴት ያለቻት አንዲት ልጅ ነች፤ ሚጣ። አንድ እሁድ ሚጣን ጉልበቷ ሥር አስቀምጣ ጸጉሯን ስትጎነጉንላት፣ አንደኛው ትከሻዋ ከሌላው ወርዶ አየችው። ቀና በይ አለቻት። ልጅቷ ቀና ለማለት ሞክራ ፊቷን አጨማደደች። መቀስ ጣቷን ከአንገቷ ወደ ጀርባዋ ብትሰድ ሥጋው እንደ ገመድ ተገትሯል። ከመቼ ጀምሮ ነው ብትላት ቆየ አለች፤ ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም ብትላት ጥግ ያለውን የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ሰረቅ አድርጋ አየች።

መቀስ ቦርሳውን ልታነሳው ስትል ክንዷን ጎተታት። ከፈተችው። ከደብተሮቹ ሥር የጸጉር ቤቱን በር የምታስደግፍበት ያረጀ የከሰል ካውያ ተጋድሟል። ያ ካውያ ጠፋ ብላ ስንቱን ደንበኛ በሆዷ ስትረግም እንደከረመች እሷ ናት የምታውቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የትምህርት ቤቱ ምክትል ርዕሰ መምህር ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሞ የእያንዳንዱን ልጅ ቦርሳ በማንጠልጠያው ብድግ እያደረገ ይመዝናል። ቀለል ካለው፣ ሳታጠና መጣህ ብሎ ልጁን ከሰልፉ አውጥቶ ሰው ሁሉ ፊት ይገትረዋል። ልጆቹም ስሙን ትተው ሚዛን ይሉታል። በዚያ ላይ ሰልፉ እስኪያልቅ ቦርሳ መሬት ማስቀመጥ ክልክል ነው፤ እውቀት መሬት አይቀመጥም ይላል። ሚጣ ታዲያ የስፖርትና የሥዕል ቀን ቦርሳዋ ሲቀልባት፣ እንዳትዋረድ ብላ ካውያውን መጨመር ጀመረች። ካውያው ወደ አንድ ጎን ይንሸራተታል፣ እሷም ቦርሳውን በአንድ ትከሻዋ አንጠልጥላ ትሮጣለች። ያ ጀርባ ገና የሚያድግ የልጅ ጀርባ መሆኑን ማን ያስብ።

ሰኞ ዕለት መቀስ ልጇን ክሊኒክ ወሰደቻት፤ ጀርባና ጡንቻ በማሸትና በእንቅስቃሴ የምታክመው ፊዚዮቴራፒስቷ ለስለስ ያለች ሴት ነች። ከእንግዲህ ሁለቱንም ማንገቻ አጥብቃ እንድታነግት፣ ከባዱ መጽሐፍ ወደ ጀርባዋ ተጠግቶ እንዲቀመጥ፣ ቦርሳው ከወገቧ በታች እንዳይንዘላዘል፣ ክብደቱም ከራሷ ክብደት ከአሥር እጅ አንዱን እንዳያልፍ፣ የቀኑ ትምህርት ያልሆነውም ሁሉ ቤት እንዲቀር አስረዳቻቸው። ይሄ ግን ሕመሙ ሲለቃት ነው። እስከዚያ ልጅቷ ምንም ነገር እንዳትሸከም አስጠነቀቀች።

መቀስ እሺ እሺ እያለች ሰማች። ልቧ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ሄዳ ብትነግረው ምክትሉ ይቅርታ ጠይቆ ይተው ይሆናል፤ እሷ ግን ይቅርታ አላማራትም። እሱም ይቅመሳት። የሱም ወገብ ይያዘው፣ እዚያው በሩ ላይ፣ ያዋረዳቸው ልጆች እያዩት። ካላሳየሁት እኔ ሰው አይደለሁም ብላ ጥርሷን ነከሰች።

በማግስቱ ጠዋት ቦርሳውን የምትይዘው እሷ ነች። ሚጣ ስትለባብስ እሷ ጓዳ ገባችና ደብተሩን ከላይ አድርጋ፣ ከሥር ካውያውንና ከአጥር ሥራ የተረፈ ጡብ አጨቀችበት። መንገዱን ሙሉ ክንዷ እየተገነጠለ ትስቅ ነበር። ሚጣም እናቷ ደስ ብሏት አይታ አብራት ሳቀች።

ሌሊት የጣለው ዝናብ የትምህርት ቤቱን በር ጭቃ አድርጎታል። ሚጣ ሰልፏን ያዘች፣ መቀስ በቀጥታ ወደ ምክትሉ ሄደች።

"እንደምን አደሩ ጋሼ። ሻሼ ተፈታብኝ፤ እስቲ አንዴ ይያዙልኝ።"

ምክትሉ እንደ ልማዱ በአንድ እጁ ማንጠልጠያውን ተቀበላት። ክንዱ ወርዶ በስንት መከራ ተመለሰ። ወላጅ ከቦታል፣ ምን ይበል? ከባድ ቦርሳ የሚወድ ሰው ከበደኝ ሊል ነው እንዴ?

መቀስ ሻሿን በደንብ ፈታችና ሰላምታዋን ቀጠለች። ባለቤቱን ጠየቀች። ልጆቹን አንድ በአንድ ጠየቀች። እናቱ በሕይወት እንዳሉ ስትሰማ ተመስገን ብላ፣ ጉልበታቸውን፣ ዓይናቸውን፣ እንቅልፋቸውን ጠየቀች። ሰውዬው በጨዋ ደንብ ይመልሳል፣ ይመልሳል፣ እጅ ይቀይራል። ግንባሩ አላበው። በመጨረሻ ትከሻው ዘንበል ብሎ ቦርሳውን ወደ መሬት ሊያወርድ ሆነ።

"እንዴ ጋሼ፣ እውቀት መሬት ይቀመጣል?"

ሰልፉ በሳቅ ተንከተከተ። ወላጆቹም አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ምክትሉ ቦርሳውን መልሶ ወደ ደረቱ አቀፈው። ወገቡ ሲጎብጥ፣ ከንፈሩ ሲነጣ አየችው፤ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እዚያ ከነበረው ሰው ማን አዘነለት? እሷማ አጎቶቹን ገና አልጠየቀችም።

ያልሳቀችው ሚጣ ብቻ ነበረች። ለሷ ሰውዬው መምህሯ ነው፤ ፊቱ አመድ የመሰለውም በሷ ቦርሳ ነው። ከሰልፏ ወጥታ እየሮጠች መጣች።

"ይስጡኝ መምህር፣ የኔ ነው" ብላ ማንገቻውን ከእጁ ወሰደችና፣ እንደ ወትሮዋ በአንድ ትከሻዋ ላይ ወረወረችው።

መቀስ ተይው ብላ ስትጮህ ቦርሳው የልጅቷን ጀርባ መትቶታል። ሚጣ በጉልበቷ ጭቃው ላይ ወረደች፣ ከዚያም በጎኗ ተኛች። ዚፑ ተበርግዶ ጡቡ ወጣ። ምክትሉ ጡቡን አየ፣ እናትየዋን አየ። መቀስ ሻሿን እንደያዘች በቆመችበት፣ ወገቡን በእጁ ደግፎ ልጅቷ አጠገብ የተንበረከከው እሱ ነበር።

ክሊኒኩ ውስጥ ሚጣ በሆዷ ተኝታለች። ፊዚዮቴራፒስቷ ጀርባዋን እየዳሰሰች ራሷን ነቀነቀች። ከፊተኛው በጣም ብሷል፣ እንዲህ በቀላሉ የሚለቅ አይደለም አለች። ያቺ ለስላሳ ሴት ዛሬ ተቆጥታለች።

"ምንም እንዳትሸከሚ ብዬሽ አልነበር? ማነው ያሸከመሽ?"

ሚጣ ፊቷ ትራሱ ውስጥ እንደተቀበረ፣ "ማንም። ራሴ ነኝ ያነሳሁት" አለች።

ሴትዮዋ ልጅቷን መገሠጽ ጀመረች። አንድ ቀን ቢነገርሽ አትሰሚም ወይ፣ ይሄ ቀልድ ይመስልሻል ወይ አለቻት። መቀስ ግድግዳውን ተደግፋ ትንሽ ከሰማች በኋላ ከዚያ በላይ አልቻለችም።

"እህቴ፣ እሷን አትቆጪያት" አለች። "ጡቡን የከተትኩበት እኔ ነኝ።"

የፊዚዮቴራፒስቷ እጅ ባለበት ቆመ። ሚጣ እናቷን ለማየት አንገቷን ልታዞር ሞከረች፤ አልቻለችም።