«ነፍሰ» የምትለዋ

ልጆቼ፣ ካርቱም፣ ካላክላ የሚባለው ሰፈር ሳለን ዛሂራ የገጠማትን ላጫውታችሁ። ዛሂራ የእህቴ ልጅ ናት። እዚያው ተወልዳ ስላደገች አማርኛዋ እንደ እንቦሳ ይንገዳገዳል። የመመረቂያ ሥራዋ የእኛን የሐበሻ ሴቶች ደም ወስዳ፣ ውስጡ ያሉትን ነጭ ሕዋሶች በየዓይነታቸው መለየት ነበር። ያን አርብ ደም የሚሰጣት ካላገኘች ዓመቱ ሊቃጠልባት ነው።

አርብ ሴቶቹ ከሰው ቤት ሥራ ያርፋሉ። እኔም ጠራኋቸው፤ መጥተው ግቢዬን ሞሉት።

«ሕዋሶቹ ስማቸው እንደ ሥራቸው ነው» አለች ዛሂራ። «አንዱ ረዳት ነው፤ ሌሎቹን ይቀሰቅሳል። አንዱ አስታዋሽ ነው፤ አንዴ የመጣ በሽታ አይረሳም።»

«እንደ አማቴ በይኛ!» አለች ሉጥፊያ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

«ሌላስ?» አለች ኒዕማ፣ ለመርፌው እጅጌዋን እየሰበሰበች።

ዛሂራ የዓረብኛውን ቃል በአማርኛ ስትፈልግ ቆየችና፣ «ነፍሰ ገዳይ!» አለች ደስ ብሏት። «ሁላችሁም ውስጥ አለ። ከልደት ጀምሮ።»

ኒዕማ እጅጌዋን መለሰች። «አዑዙ ቢላህ! እኔ ዶሮ እንኳ አርጄ አላውቅም!»

«መኖሪያ ወረቀቴ ላይ ነፍሰ ገዳይ ብለው ሊጽፉብኝ?» አለች ዘሊካ። «ያላ፣ እንሂድ!»

ሁሉም ሻሻቸውን እያጠባበቁ ወደ በሩ ጎረፉ። የዛሂራ ዓይን እንባ አቀረረ።

«ኻልቲ፣» አለችኝ እኔን አክስቷን፣ «ምን አጠፋሁ?»

«የኔ እናት፣ ያ ሕዋስ የሚገድለው ማንን ነው?»

«ቫይረስ የገባበትን ሕዋስ። ማንም ሳያዘው።»

«እንግዲያ ‹ነፍሰ› የምትለዋን ጣያት። ነፍሰ ገዳይ ወህኒ ያለው ነው። ገዳይ ግን አንበሳ ጥሎ የሚመጣው፣ የሚዘፈንለት ነው።»

ከዚያ ወደ በሩ ጮህኩ፦ «አንቺ ኒዕማ! ገዳይ ማለቷ ነው! ገዳይ ብቻ!»

ኒዕማ በሩን እንደያዘች ቆመች። «ገዳይ? አንበሳ ገዳይ እንደሚባለው?»

«እሱን ነዋ!»

«ታዲያ እንዲህ አትልም እንዴ!» ተመልሳ ክንዷን ዘረጋች። «ቅጂ! የጀግና ዘር ነኝ፣ ብዙ ሳይኖረኝ አይቀርም።»

«ከኔ አይበልጥም» አለች ሉጥፊያ፣ ከኋላዋ ተሰልፋ።

«ብዛቱ ከሰው ሰው ይለያያል» አለች ዛሂራ፣ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች።

«ይለያይ» አለች ኒዕማ። «የኔ ከሷ ካነሰ ግን ወላሂ ድጋሚ ትቀጂኛለሽ!»

ሰልፉ በሩ ጋ ደርሷል። ዛሂራ መርፌውን እንደያዘች ሳቋ አልገታ አላት።

«ቆይ ኻልቲ ኒዕማ» አለች፣ «መጀመሪያ እጄ ይርጋ።»