ጉድጓድ ወይስ ድስት?

ወንድሜ ኤፍረን የተበላሸ አሳንሰር ይጠግናል፤ የእሱን አፍ የሚጠግን ግን እስካሁን አልተገኘም። ሲትላሊን ለሚስትነት ልንጠይቅለት ወደ አባቷ አገር በሄድን ቀን፣ አባትየው ዶን ፋውስቲኖ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ቃል ሳይተነፍሱ ሲያዳምጡን ዋሉ። ቀና ያሉት ጨዋታው ወደ ምግብ ሲዞር ብቻ ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ በግ በጉድጓድ እያበሰሉ፣ ባርባኮዋ እየሠሩ ኖረው፣ ወገባቸው እምቢ ሲላቸው ጉድጓዱን በድንጋይ ከድነው የተቀመጡ ሰው ናቸው።

«ሜክሲኮ ከተማ ውስጥ ባርባኮዋ የሚባል ነገር የለም» አሉ። «ያለው ሁሉ የኛን አገር ስም በራፉ ላይ ጽፎ ድስት የሚሸጥ ነው።»

ዝም ቢል ምን ነበረበት! ኤፍረን ግን ደረቱን ነፋ። «ኧረ ዶን ፋውስቲኖ፣ እኛ ከተማ የሌለ ነገር የለም! ከርስዎ የማይተናነስ ባርባኮዋ አበላዎታለሁ።»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሲትላሊ ከአባቷ ጀርባ ቆማ ዓይኗን ጨፈነች።

«ጥሩ» አሉ ሽማግሌው። «በሚመጣው እሁድ ለምሳ ቤታችሁ እመጣለሁ። ከከተማችሁ ጉድጓድ የወጣ በግ አብላኝ። የሚኖርበትን ከተማ የማያውቅ ሰው ልጄን ይዞ የት ሊደርስ ነው?»

በሩ ላይ ስንሰናበት ሲትላሊ ክንዴን ጨብጣ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። «ኦቲ፣ አባዬ እሺም እምቢም አይልም። ኮፍያውን እዪው። ከሰቀለው ነገሩ ሰምሯል። ጉልበቱ ላይ ካስቀመጠው ግን እግሩ መንገድ ላይ ነው። ታላቅ እህቴን ሊጠይቅ የመጣው ሰውዬ ቤት ሄደን፣ ኮፍያው ከጉልበቱ ሳይነሳ ተመለስን። እህቴ ያን ሰው ሳታገባው ቀረች።»

እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ፤ ታክሲ እነዳለሁ። እናታችን ስትሞት ኤፍረን ገና የወተት ጥርሱን እየነቀለ ነበር፤ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ሁልጊዜ ዝምተኛና አኩራፊ ነበር። ሲትላሊን ካወቀ ወዲህ ግን ሻወር ቤት ገብቶ ሲያፏጭ እሰማዋለሁ። ያ ፉጨት እንዲቆም አልፈለግኩም። በዚያው ሳምንት በሩ አጠገብ ለኮፍያው የሚሆን ምስማር መታሁ።

ባርባኮዋ እኛ ዘንድ የእሁድ ጠዋት ነገር ነው። ቅዳሜ ማታ ጉድጓዱ ይነድዳል፤ በጉ በቃጫ ቅጠል ተጠቅልሎ ይወርዳል፤ ከሥሩ ሽምብራ ያለበት ዕቃ ጭማቂውን እየተቀበለ መረቅ ይሆናል፤ የጉድጓዱ አፍ በአፈር ይደፈንና ጎህ ሲቀድ ይከፈታል። አታላዩ ደግሞ ሥጋውን ጋዝ ላይ በድስት ይቀቅልና ለዓይን ያህል አረንጓዴ ቅጠል ጣል ያደርግበታል። እኔ የማምነው አንድ ሰው ነበረኝ፤ ፖርታሌስ ገበያ ጀርባ ያለው ሜልኪያዴስ። ሥጋውን አስቀምጥልኝ ብዬው ነበር።

እሁድ ጠዋት ስንደርስ የሱቁ የብረት መዝጊያ ግማሽ ድረስ ወርዷል። ሌሊቱን ዝናብ ሲጥል አድሯል፤ ሚስቱ ውሃ እየጠረገች ነው።

«ጥሬ ወጣ» አለችኝ ቀና ሳትል።

«ዝናቡ ገብቶበት?»

«ዝናቡማ ሰበብ ነው። ትናንት ጉድጓዱን ስንደፍን ተጣልተን ነበር። በንዴት የተደፈነ በግ መቼ በስሎ ያውቃል?»

ሜልኪያዴስ ከውስጥ «ጀማሪዋ አንቺ ነሽ!» ብሎ ጮኸ።

ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ኤፍረንን አየሁት፤ ከንፈሩ አመድ መስሏል። «ግባ መኪና ውስጥ» አልኩት። «ከተማው ትልቅ ነው፣ የሌለ ነገር የለም ብለህ የለ? እናያለን።»

መጀመሪያ የቆምንበት ቦታ የጨርቅ ማስታወቂያ ተሰቅሏል፤ የዶን ፋውስቲኖ አገር ስም ከበግ ሥዕል ጋር። ሻጩ ከሩቅ ነው የጀመረው። «ነይ ቆንጆ፣ ነይ ንግሥቴ! ቅቤ የመሰለ፣ ከጉድጓድ የወጣ!»

«ጉድጓድ ነው ድስት?» አልኩት።

«በጓዳሉፔዋ እመቤታችን! ጉድጓድ!»

ቅጠሉን ገልብጬ አየሁት። አረንጓዴ፣ ለስላሳ፣ እንደተቆረጠ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ያደረ ቅጠል ቡናማ ይሆናል፤ ዳር ዳሩ ያርራል። «ይሄ ቅጠል ስለ እሳት በወሬም አልሰማም» አልኩት።

«ታዲያ ቅጠሉን ልትበዪ ነው? ሥጋውን ቅመሺ እንጂ!»

ቀመስኩ። ይጣፍጣል፤ ይበልጥ ያናደደኝ እሱ ነው። ቢመር ኖሮ ሰድቤው እሄድ ነበር። አሁን ግን ይህን ሥጋ ለሌላ ሰው ብሰጥ አጨብጭቦ ይበላዋል፤ ዶን ፋውስቲኖ ግን ጭስ ሲፈልጉበት አያገኙም።

ሁለተኛውም እንደዚያው ነበር። ሦስተኛው ሰውዬ ቢያንስ ሐቀኛ ነው፤ «ጉድጓድ?» አለና ሳቀ። «እመቤት፣ እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው።» መንገዱን ደግሞ የእሁድ ብስክሌተኞች ዘግተውታል። አንዲት ሴትዮ ታክሲ ብላ እጇን ዘረጋች፤ አልፌያት ስሄድ የሰደበችኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። መኪናው ውስጥ የተቀቀለ በግ መሽተት ጀመረ።

«ኤፍረን፣ ምንድን ነው እግርህ ሥር ያለው?»

«ከመጀመሪያው ሰውዬ ገዛሁ። ለክፉ ቀን» አለ መስኮት መስኮቱን እያየ።

«አብደሃል? አንስተው ጣለው!»

«አንቺን ምን ቸገረሽ! ያለ እሷ የምቀረው እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽም!»

ያን ጊዜ ነው የቆሻሻ ሰብሳቢው ደወል የተሰማው። ጋሪውን እየገፋ መሐል መንገድ ላይ ደረሰና አልንቀሳቀስ አለኝ። ጥሩምባ ልነፋበት እጄን ካነሳሁ በኋላ ጋሪውን አየሁት። ከላይ የተከመረው የቃጫ ቅጠል ነው፤ ቡናማ፣ የተኮማተረ፣ ዳር ዳሩ ያረረ። መኪናውን እንዳስነሳሁት ትቼ ዘልዬ ወረድኩ።

«ወንድሜ፣ ይሄን ቅጠል ከየት አመጣኸው?»

«ምነው? ዘንድሮ ቆሻሻም ይዘረፋል እንዴ?»

«በፈጠረህ፣ ከየት ነው?»

ፊቴን አየና ቀልዱን ተወ። «ከኢስታፓላፓ ዳገት፣ ከዶኛ ኤንግራሲያ ግቢ። ማስታወቂያ ምናምን የላትም፤ ሰማያዊ በር ነው። ግን ፍጠኚ። ቅጠሉ እኔ ጋ ከደረሰ ሥጋው ሰው ሆድ ውስጥ ደርሷል።»

ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት እኔና ሞተሩ ነን የምናውቀው። ሰማያዊው በር ክፍት ነበር። ግቢው መሐል ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ ገና ይሞቃል፤ ሽታው ገና በሩ ላይ ተቀበለኝ፤ ጭስ፣ ስብ፣ እርጥብ አፈር። አገኘሁት! ልቤ በደስታ ዘለለች። ከዚያ እንጨቱን አየሁ። ሥጋ የሚከተፍበት ጉማጅ ታጥቦ ግድግዳ ተደግፏል።

ዶኛ ኤንግራሲያ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። «አለቀ ልጄ።»

«ትንሽ እንኳ? ለአንድ ሰው የምትሆን?»

«አጥንቱን ውሻው ወስዶታል። በየትኛው ፊትሽ ነው በዚህ ሰዓት የምትመጪው? የጉድጓድ በግ እኮ የጸሎት ሰዓት አይደለም፣ ደወል ደውሎ አይጠብቅሽም።»

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና፣ ለማላውቃት ሴት ስለ ኮፍያውም ስለ ፉጨቱም ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ሰማችኝ፤ ከንፈሯን መጠጠች። ገብታ መረቅ የሞላ ባልዲ ይዛ መጣች። «ሥጋ ከየት ልፍጠርልሽ? ይሄ ግን ከዚሁ ጉድጓድ ሥር የወጣ ነው። ለልጆቼ ያስቀረሁት ነበር። ውሰጂው።»

ኤፍረን ከጀርባዬ «ቅጠልስ አለ?» ሲል ሰማሁት።

«ቅጠል? ለፍየል ነው?»

«ለ... ለሽታው።» የጉድጓዱን አፍ ሸፍኖ ያደረውን ያረረ ቅጠል ሰጠችው።

መኪና ውስጥ ገባን። ከዚያ ፈነዳሁ። የድስት ሥጋ በጉድጓድ ቅጠል ጠቅልለህ ለማን ልታበላ ነው? ይሄን ነው ያስተማርኩህ? እሱ መሪውን የያዘውን እጄን ያዘ። ጭብጥ አድርጎ አልለቅ አለ።

«ኦቲ፣ እሷን ባጣት ምን እንደምሆን አላውቅም።»

ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ከውሸቱ ይልቅ ያቺ እጅ አስፈራችኝ። ሞተሩን አስነስቼ ወደ ቤት ነዳሁ።

ቤት ስንደርስ ጊዜ አልነበረም። እኔ መረቁን ጣድኩ፤ እሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሥጋውን ባረረው ቅጠል ጠቀለለ። ጨርሶ እጁን ሳይታጠብ በሩ ተንኳኳ።

ዶን ፋውስቲኖ የታጠበ ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል። ሲትላሊ ከኋላቸው ናት፤ ከንፈሯን ነክሳ ታየናለች። «ኮፍያዎን ልቀበልዎ?» አልኩና ወደ ምስማሩ አመለከትኩ።

«ይሁን፣ ይቆይ» አሉ። ተቀመጡ። ኮፍያው ጉልበታቸው ላይ ዐረፈ።

መረቁን ቀዳሁላቸው። ሎሚ ጨመቁ፣ በማንኪያ አንድ ጊዜ ቀመሱ፣ ማንኪያውን አስቀመጡ። ከዚያ ሳህኑን በሁለት እጃቸው አንስተው ጠጡ፤ ሲያወርዱት ዓይናቸው ርሶ ነበር።

«ጉድጓዴን ከዘጋሁ ወዲህ ይሄን አልቀመስኩም» አሉ ቀስ ብለው። ወደ ኤፍረን ዞሩ። «አገኘኸው ማለት ነው፣ ልጄ።»

ልጄ አሉት! ሲትላሊ ፈገግ አለች፤ ፊቷ ሁሉ በራ። ኤፍረን ግን ጠረጴዛውን ነው የሚያየው። እኔ ጥቅሉን አምጥቼ መሐል አስቀመጥኩ። ሽማግሌው ቅጠሉን ከፈቱት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት፣ ሥጋውን አዩት። አተኩረው አዩት። ከዚያ የበቆሎ ቂጣውን፣ ቶርቲያውን አነሱ፣ ሥጋ አደረጉበት፣ ቃሪያና ሽንኩርት ነሰነሱበት፣ ጠቀለሉት።

«እኛ ቤት የመጀመሪያው ጉርሻ የሷ ነው» አሉ። «ጉድጓድ በከፈትኩ ቁጥር፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ።» ለሲትላሊ ዘረጉላት።

ሲትላሊ ተቀበለች። ወደ አፏ አስጠጋችው።

«አትብዪው!» አለ ኤፍረን።

እጇ አየር ላይ ቀረ። ኤፍረን ተነስቶ ቆሟል፤ ወንበሩ ከኋላው ወድቋል። «ቅጠሉ የጉድጓድ ነው። መረቁም የጉድጓድ ነው። ሥጋው ግን የድስት ነው። እውነተኛውን ስናገኘው አልቆ ነበር። እኔ ነኝ የጠቀለልኩት፣ እሷ አይደለችም።» በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ።

ዶን ፋውስቲኖ ኮፍያቸውን ከጉልበታቸው አነሱ። ሲትላሊ «አባዬ» አለች። ሽማግሌው ወንበሩን ተደግፈው፣ ወገባቸውን ይዘው ተነሱ።

አልቻልኩም። «ይሂዱ!» አልኳቸው። «ግን መረቁን ጨርሰው ይሂዱ! ከተማውን ስናስስ አርፍደን ያገኘነው እሱን ነው። እሱ ውሸት የለበትም!»

«አንቺ ሴትዮ ሁልጊዜ ነው የምትጮኺው?» አሉኝ። ከዚያ ቅጠሉን በሁለት ጣት አንስተው ለኤፍረን አሳዩት። «አየህ፣ ንጹሕ ነው። አብረው ያደሩ ሥጋና ቅጠል እንዲህ አይለያዩም፤ ሥጋው ቆዳውን ትቶበት ነው የሚላቀቀው። ገና ስከፍተው አውቄዋለሁ።»

«ካወቁ ታዲያ ለምን ለልጅዎ ጠቀለሉላት?» አልኩ።

«እኔንማ ማንም ያታልለኛል፣ አርጅቻለሁ» አሉ። «እሷን ዝም ብሎ ያበላት እንደሆነ ነው ማወቅ የፈለግኩት።»

ኮፍያውን ለኤፍረን ዘረጉለት። «እንካ፣ ስቀልልኝ።»

ኤፍረን ኮፍያውን ይዞ ወደ በሩ ሄደ። ምስማሩ ፊት ለፊቱ እያለ አላገኘውም፤ አንዴ ግድግዳው ላይ ሰቅሎት ወደቀ። ሲትላሊ ሄዳ እጁን ይዛ አሳየችው።

«በሚመጣው ቅዳሜ እኛ ጋ ትመጣለህ» አሉ ዶን ፋውስቲኖ እየተቀመጡ። «ድንጋዩን ከጉድጓዱ ላይ የሚያነሳልኝ ሰው እፈልጋለሁ።» ሳህናቸውን ወደ እኔ ገፉት። «ይሄ መረቅ ቀዝቅዟል። አሙቂው እንጂ።»